ዳኛው አይጫወት

በአንድ ቅዳሜ ማታ ስምንት ጓደኛሞች ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ከሾኔና ከጃጁራ፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ የመጡ ልጆች ነበሩብን። ላፕቶፖቻችንን በአንድ ራውተር አገናኝተን የተኩስ ጨዋታ ጀመርን። ጨዋታውን የሚያስተናግደው የጋባዣችን ላፕቶፕ ነበረ። ጋባዣችን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። በአራተኛው ሲሸነፍ «ደክሞኛል» ብሎ ክዳኑን ከደነው፤ የሰባታችንም ጨዋታ በዚያው ተቋረጠ። ስንመለስ ግማሾቻችን አኩርፈን ነበር።

ነገሩ ተራ ቢመስልም ልናስብበት ይገባል። ጓደኛችን አላጭበረበረም፤ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ አስተናጋጅ ሲሆን የእርሱ ትእዛዝ መንገድ ሳይሄድ ወዲያው ይፈጸማል፤ የሌሎቹ ግን በመስመሩ ተጉዞ ዘግይቶ ይደርሳል። እርሱ ሲነሣም ሜዳው አብሮት ይነሣል። ተከራካሪው ራሱ ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ የአገራችን ሽማግሌዎች ይቀበሉታልን?

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ለማስተናገድ ብቻ የተመደበ ሰርቨር ማቆም ነው። ይህ ፕሮግራም ሥዕል አያሳይም፣ ድምፅ አያሰማም፣ አይጫወትም። ከበስተጀርባ ሆኖ የእያንዳንዱን ተጫዋች እንቅስቃሴ ይቀበላል፣ በሕጉ ይመዝናል፣ ውጤቱንም ለሁሉም ይልካል። ሥዕል ስለማይሥል ለጥቂት ተጫዋቾች አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃዋል።

ይህ የኩባንያዎች ሥራ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾውና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ተማሪዎች ብዙ ሰው በአንድነት የሚጫወትበትን «መድ» የተባለ የጽሑፍ ጨዋታ በዩኒቨርሲቲያቸው ኮምፒዩተር ላይ ሠሩ። በ1993 በወጣው በዱም ኮምፒዩተሮቹ እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ ሁሉም የዘገየውን ይጠብቅ ነበር፤ በ1996 የወጣው ኩዌክ ዳኝነቱን ለሰርቨር ሰጠ።

«በውጭ አገር ሰርቨር ሞልቶ የለምን?» የሚሉ አሉ። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከኛ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ገመዱ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም። በግቢያችን ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ግን ጥቂት ሚሊሰከንድ ይበቃል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገር ሙሉ በተቋረጠ ጊዜ በሰማይ ያለችው ላም ወተት እንደማትሰጥ አይተናል። በስልክ ኢንተርኔት ከቤት ማስተናገድም ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ብዙ ደንበኞች በአንድ የጋራ አድራሻ ስለሚወጡ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ በሩን አያገኘውም።

«ተማሪ ለትምህርት እንጂ ለጨዋታ አልመጣም» የሚሉንም ወገኖች አሉ። እውነት ነው፤ ስለዚህም ሰዓት ይወሰንለት እንላለን። ነገር ግን ሰርቨር የሚጠብቅ ተማሪ ፈቃድ መስጠትና መንሣትን፣ መዝገብ ማንበብን፣ ቅጂ ማስቀመጥን፣ የወደቀውን ማንሣትን ይማራል። ነገ የጤና ጣቢያ ወይም የቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚያቆመው ይኸው እጅ ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስክሪኑ የተሰበረ፣ ባትሪው ግን የሚሠራ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይፈለግ፤ መብራት ለጥቂት ጊዜ ቢጠፋ አይወድቅም። ሊኑክስ ይጫንበት። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ማይንቴስት ይባል የነበረው ሉዋንቲ በነጻ ይገኛልና በእርሱ እንጀምር። ማሽኑ ሲነሣ ሰርቨሩም ራሱ እንዲነሣ ይስተካከል። የሥራው መዝገብ ለሁላችንም ክፍት ይሁን። እዚህ ከተሳካልን የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የዱራሜ ግቢ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የራሳቸውን ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ መጋጠም ይቻላል።

ጠባቂዎቹ በየሳምንቱ ይለዋወጡ፤ ተረኛው ግን በተራው ሳምንት አይጫወት። ላፕቶፕ ከማግኘት ይልቅ የሚከብደን ይህ ይሆናል። ሆኖም ከዚህ ግቢ ወጥተን የሕዝብ ሥራ ስንይዝ የምንጠየቀው ይኸው ነውና፣ ከአሁኑ ብንለምደው ይሻላል።