ፎገራም ሪዞርት ይሠራላት?

«ጎርጎራ ተሠራላት፤ ባሕር ዳርማ ድሮም አላት፤ የእኛዋ ፎገራስ?» የምትል ጥያቄ ከወረታ ልጆች አፍ ስንሰማ ሰነባበትን። ጥያቄዋ ክፋት የለባትም። ጣና አንድ ነው። በሰሜን ዳርቻው በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ገንዘብ ሲሰበሰብ ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ስሟ ተጠራ፤ ሪዞርቷም በ2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በደቡብ ባሕር ዳር ላይ ከእነ ጣና ሆቴልና ከእነ ግዮን ዘመን አንስቶ እስከ ኩሪፍቱ ድረስ የሐይቁ ዳር ሆቴል በሆቴል ነው። በምሥራቅ በኩል ያለችው ፎገራ ግን ያን ሁሉ ውሃ ፊቷ ዘርግታ አንዲት የጥላ ወንበር እንኳ አልደረሳትም። ቱሪስቱም ቢሆን ወረታን የሚያውቃት ከመኪና መስኮት ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዝ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልበት፣ ሽንኩርትና ሩዝ የሚሸጥበት ከተማ። እሱም መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ከገባ በኋላማ ገንዘብ ያለው እንግዳ በአውሮፕላን እየመጣ በአውሮፕላን መመለሱን መርጧል።

የእኛ መልስ አጭር ነው። ይቅርባት። ቢያንስ እስከ ዛሬ በምናውቀው ዓይነት ሪዞርት አይሁን። «እናንተ ምቀኞች፣ የልማት ጠላቶች!» ከመባላችን በፊት ግን ሐሳባችንን እንድንጨርስ ይፈቀድልን።

መጀመሪያ፣ ሪዞርት ስንል ምን ማለታችን ነው? ከመካከላችን አንዱ ለሥልጠና፣ አንዱ ለጓደኛው ሠርግ፣ ሌላው በእቁብ ብር ሐይቅ ዳር አድሮ ያየ ስላለ በስማ በለው አናወራም። በሩ ላይ ጥበቃ አለ። ጥበቃው መኪና ይዞ ለመጣ ሰላምታ፣ በእግሩ ለመጣ ጥያቄ ያዘጋጃል። ካለፋችሁ በኋላ የድንጋይ ንጣፍ፣ የተከረከመ ሣር፣ በትሪ የሚቀርብ ቀዝቃዛ ጭማቂ፣ ከላይ ሣር ክዳን ከውስጥ ጃኩዚ የሆነ «ባህላዊ ጎጆ» ይቀበላችኋል። የአንድ ሌሊቱ ዋጋ አዲስ የተቀጠረ አስተማሪን የወር ደሞዝ ይፈታተናል፤ ይሁን፣ ያለው ይክፈል። ከዚያ ሐይቁ አለ። ሐይቁ ዳር ደግሞ፣ ልብ በሉልን፣ የመዋኛ ገንዳ! የሀገሪቱ ትልቁ ሐይቅ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ ፊት ለፊቱ ተንጣሎ እንግዳው በሲሚንቶ ታጥሮ ክሎሪን የተጨመረበት ሌላ ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ምክንያት እንዳለው እናውቃለን፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ግን ይኸው ቢልሃርዚያ የፎገራ ገበሬ ሩዙን ሲያርም እስከ ጉልበቱ፣ ልጁ ከብት ሲያጠጣ እስከ ወገቡ የሚገቡበት ውሃ ውስጥም ያለ ነው። እንግዳው ለሐይቁ ይከፍላል፣ ሐይቁን ግን አይነካም። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ይነካዋል፤ ለእሱ ገንዳ የሠራለት የለም።

ሪዞርቱ የሚሸጠው ሐይቁን ሳይሆን መልኩን ነው፤ ሰው ያልገባበትን መልክ። በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፈው ሰውዬ ጀንበር ስትጠልቅ ለፎቶ ያምራል፤ ታንኳውን አስጠግቶ ቢወርድ ግን ጥበቃው ይደርስበታል። ትናንት የአካባቢው ልጅ ሮጦ የሚገባበት ዳርቻ ዛሬ «የእንግዶች ብቻ» ሲባል ማንም ድምፅ አላሰማም፤ አጥሩ ቆንጆ ነበራ፣ አበባ ተተክሎበታል።

ይህ ሁሉ ግን ባሕር ዳርም ቢሾፍቱም ሐዋሳም ያለ ችግር ነው። ፎገራ የራሷ ጉዳይ አላት። ፎገራ ላይ ዳርቻ የሚባል የቆመ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፎገራ ሜዳ ገበታ ነው፤ ዳገት ቁልቁለት የለውም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ደለላቸውን እየተሸከሙ ይወርዱና እዚህ ሜዳ ላይ ያራግፉታል። ሐይቁ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ባሕር ዳር ላይ አንድ ሜትር ማለት ሁለት ደረጃ ግንብ ነው። ፎገራ ላይ አንድ ሜትር ማለት በእግር ተሂዶ የማያልቅ ማሳ ነው። ክረምት ውሃው ይመጣል፣ በጋ ይሸሻል። ውሃው ሲሸሽ የሚተወውን እርጥብ መሬት ገበሬው ተከትሎ ያርሰዋል፤ ስሙም ራሱ «ባሕር ሸሽ» ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ጣና ሐይቅ ነው። ለናቤጋ ሰው ባሕር ነው፤ ሄዶ የሚመለስ ባሕር።

ታዲያ ሪዞርቱ የት ላይ ይቆማል? በጥር ውሃ ዳር የሠራችሁት ቤት በነሐሴ ውሃ ውስጥ ነው። በነሐሴ ውሃ ዳር የሠራችሁት በጥር ሐይቁን በመነጽር የሚፈልግ ነው። መሐንዲስ መፍትሔ አያጣም፤ አፈር ይደለደላል፣ መከላከያ ግንብ ይቆማል። ግንቡ የሪዞርቱን ግቢ ያድናል፤ ግንቡ የመለሰው ውሃ ግን ተኖ አይጠፋም። ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ግንብ የለውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጎርፉ ፎገራን ሲያጥለቀልቅ ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምትም ያው ተደገመ። ያን ጊዜ ማሳው ላይ ያደረው ውሃ የቱሪስት መስህብ አልነበረም፤ የዘር ሩዝ፣ የከብት መኖ፣ የልጅ ደብተር ይዞ የሄደ ውሃ ነው።

ተቃራኒውም ደርሷል። ከባሕር ዳር ዝቅ ብሎ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ ገባ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከመጠን በላይ ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆሙ፤ ደንገሉ ደረቀ፤ የተጋለጠውን መሬት ሰው አረሰው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ሥራ ጀመረና ውሃው በሌላ በርም መውጣት ያዘ። እንግዲህ የሐይቁ ወለል የት ላይ ይዋል የሚለው ክርክር ውስጥ የመብራት ኃይል ድምፅ አለ፣ የመርከቡ አለ፣ የገበሬው ደግሞ ከሩቅ ይሰማል። ሪዞርት ሲጨመር አዲስ ባለጉዳይ ይመጣል ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ውሃው ከበረንዳዬ ሥር ይሁንልኝ የሚል ባለጉዳይ። ገበሬው ውሃው እንዲሸሽለት ይፈልጋል፣ ባለሆቴሉ እንዳይሸሽበት። ማንኛቸው ባለሥልጣን ቢሮ ገብተው ቡና እንደሚጠጡ እናንተው ገምቱ።

«ካሳ ይከፈላቸዋል» ይባላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱንም የተፈጥሮ ሀብቱንም የመንግሥትና የሕዝብ ያደርገዋል፤ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለሚፈናቀል ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ይገባዋል ይላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም አለ፤ እሱ የሚያውቀው ሕጋዊ ባለይዞታን ነው። ግማሽ ዓመት ማሳ ግማሽ ዓመት ባሕር የሆነ መሬት ላይ የይዞታ ደብተር በኪሱ ያለው ገበሬ ስንት ነው? ደብተር የሌለው ሰው ሲነሣ «ተፈናቀለ» አይባልም፤ «ሕገ ወጥ ወራሪ ተነሣ» ነው የሚባለው።

የጎረቤት ሀገር ነገር እናንሣ። ኬንያ ከእኛ በላይ በባሕር ዳር ሆቴል የምትኖር ሀገር ናት። በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው ሕገ መንግሥቷ ግን ውሃው ሲሞላ በሚደርስበትና ሲጎድል በሚቆምበት መስመር መካከል ያለው መሬት የሕዝብ ነው ይላል። ሆቴሉ ምንም ያህል ኮከብ ቢኖረው አሸዋው ላይ የሞምባሳ ልጅ ኳስ ይጫወታል፣ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ይጎትታል። እንግዳው ይነጫነጫል እንጂ አልቀረም። የማልዲቭስ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንድ ደሴት፣ አንድ ሪዞርት። ለዓመታት እንግዳው ሳምንት ሙሉ ሰንብቶ የሀገሩን ሰው ከአስተናጋጅ በቀር ሳያይ ይመለስ ነበር። ሀገሩ ራሱ በቃ ብሎ የሰው መኖሪያ በሆኑት ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ እንዲከፈት የፈቀደው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ማልዲቭስ ያላላችውን ዛሬ ለመጀመር ለምን እንደምንቸኩል አይገባንም።

አሁን ወደ ቡፌው። የሪዞርት ቡፌ ላይ ሩዝ አይጠፋም፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ። የወረታ እንዳልሆነ ከመልኩ ያስታውቃል፤ የፎገራው ኤክስ-ጅግና ወፈር አጠር ያለ ነው። ይህ ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ ነው ሜዳውን የወረሰው። ውሃ ስለሚተኛበት ሌላ እህል የሚያስቸግረው መሬት ዛሬ ሀገር ያበላል። ገበሬው ከጤፍ ቀላቅሎ ይጋግረዋል፣ ጠላ ይጠምቅበታል፣ ገለባውን ለከብት ይሰጣል። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እስከ መቋቋም ተደርሷል። ሀገሪቱ ግን ለብዙ ዓመታት የምትበላውን ሩዝ አብዛኛውን በዶላር እየገዛች አስገብታለች። (የፎገራ ላም በወተት የታወቀች ዝርያ መሆኗን፣ የግጦሽ መሬቷን ሩዝ እየበላባት እሷም እየተመናመነች መሆኑን አሁን ከጀመርን አንጨርስም።) ዓሣውስ? ጣና ውስጥ እንጂ ሌላ የትም የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱም በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ የሚወጡ አሉ። ጎርጎራ ወይም ባሕር ዳር በሎሚ ተጠብሶ የሚቀርብላችሁ ዓሣ ፎገራ ላይ የተወለደ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ፎገራ ሪዞርት የላትም አትበሉ፤ ሪዞርቶቹን የምትቀልበው እሷ ናት።

«ሥራስ? ወጣቱ ሥራ አያገኝም ወይ?» ያገኛል። አትክልተኛ፣ ጥበቃ፣ አልጋ አንጣፊ። እነዚህን ሥራዎች አንንቅም፤ ግን ሥራ አስኪያጁ ከየት፣ ሼፉ ከየት፣ ትርፉ ወዴት የሚለውን ሳይጠይቁ «ለሺዎች የሥራ ዕድል» የሚል ሰሌዳ መትከል ልማድ ሆኗል። ወረታ ላይ ስንት የሩዝ መፈልፈያ፣ ስንት ፔንሲዮን፣ ስንት ምግብ ቤት አለ? የአንድ ሪዞርት መንገድ፣ መብራትና ውሃ ማስገቢያ የሚሆነው ገንዘብ ለእነሱ ብድር ቢሆን ምን ያህል ሰው ይይዛል? ይህን ስሌት የሠራ ቢሮ ካለ እጃችንን ዘርግተን እንቀበላለን።

እንግዳ አይምጣ እያልን አይደለም። ሰላሙ ይመለስና ይምጣ። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት የፎገራ ረግረጎች ላይ ክሬን የሚባሉት ባለረጅም እግር ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ሲያርፉ ማየት የፈለገ ወረታ ይደር፤ ከወረታ ልጅ ጋር በእግሩ ይሂድ፤ ማታ የሩዝ እንጀራ በዓሣ ወጥ ይብላ። ጃኩዚ የለም። ለዚያ ደግሞ ረግረጎቹ መቆየት አለባቸው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ የመዘገበው በረንዳውን አይደለም።

እምቦጩን ደግሞ እንዳንረሳ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ ታየ፤ ዳርቻውን እየሸፈነ እስከ ፎገራ መጣ። ማሽን ተገዛ፣ ማሽን ተበላሸ፣ ስብሰባ ተደረገ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የወር ዘመቻ ሲታወጅም፣ ከዚያ በፊትም በኋላም፣ አረሙን በእጁ እየነቀለ ያወጣው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ የገባው ገበሬ ነው። ሐይቁን በሌሊት ሂሳብ የሚሸጡት ሆቴሎች ከእያንዳንዱ አልጋ ላይ ለዚያ ሥራ ስንት ይቀነሳል? በሕግ የተጻፈ፣ ግዴታ የሆነ ማለታችን ነው፤ ካሜራ ተጠርቶ የሚሰጥ ቼክ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተብሎም ፎገራ ላይ ሪዞርት ይሠራ የሚል ከመጣ አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን። ቦታ የሚለካው ባለሙያ በጥር አይምጣ። በነሐሴ ይምጣ፤ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ከወረታ እስከ ናቤጋ ይውረድ። የ1998ቱና የ2012ቱ ውሃ እስከ የት ደርሶ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ግድግዳቸው ላይ ያሳዩታል። ችካሉን ከዚያ ወዲህ ይትከል።