በጉልበቴ ልክ

እግሬ አጭር ነው። ይህን የምነግራችሁ አይዞህ እንድትሉኝ አይደለም፤ የዛሬው ጨዋታ መነሻው እሱ ስለሆነ ነው።

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ናሽቪል ያገለገለ ፔዳል ስቲል ጊታር ገዛሁ። ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ድምፁን ግን አታጡትም። ዶን ዊሊያምስ ሲዘፍን ከኋላው እየተንሸራተተ የሚያለቃቅስ ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። ጊታር ይባል እንጂ በአራት እግሩ የቆመ ጠባብ ጠረጴዛ ነው የሚመስለው። ተጫዋቹ ተቀምጦ፣ ግራ እጁ በያዘው ብረት ክሮቹ ላይ ይንሸራተታል፤ በቀኝ እጁ ይመታል፤ ግራ እግሩ ፔዳል ይረግጣል፤ ቀኝ እግሩ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ይህም አልበቃ ብሎ ሁለቱ ጉልበቶቹ ከጠረጴዛው ሥር የተንጠለጠሉ መግፊያዎችን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋሉ። መግፊያው ሲገፋ ከሥር ያለ ቀጭን ዘንግ ይጎተታል፤ ዘንጉ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ክር ያጠብቃል፣ ወይም ያላላል። ክሩ እየጮኸ ሳለ ቅኝቱ ተለወጠ ማለት ነው። ልቅሶው የሚመጣው ከዚያ ነው።

የእኔ ጊታር መግፊያዎች የተገጠሙት እግረ ረጅም ሰው ታስቦ ነው። ስቀመጥ ጫፋቸው ከጉልበቴ በላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ላስተካክለው ነው ብዬ የሸጠልኝን ሰው ባማክረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ኦሪጅናል ነው እኮ! ከነካኸው ዋጋው ይወርዳል። መልመድ ያለብህ አንተ ነህ» አለኝ።

ኦሪጅናል! አዲስ አበባም ሳለሁ ይቺ ቃል ስንቱን ክርክር ስትዘጋ አይቻለሁ። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ የፔዳል ስቲል ኦሪጅናሉ የቱ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1948 ለስፒዲ ዌስት ባለ ፔዳል ጊታር የሠራለት ፖል ቢግስቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ በገዛ ወርክሾፑ የሚሠራ፣ ሞተር ሳይክል የሚወዳደር ብረት ሠራተኛ ነበር። በ1954 ደግሞ የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» የተባለ ዘፈን ወጣ። በዚያ ዘፈን ላይ ባድ አይዛክስ ክሮቹ ገና እየጮኹ ፔዳሉን ረገጠ፤ የአገሩ ስቲል ተጫዋች ሁሉ አበደ። ፔዳል የሌላቸው ወደ ቤታቸው ሮጠው በልብስ መስቀያ ሽቦ ለመግጠም ሞከሩ እየተባለ በሙያው ሰዎች ዘንድ እስካሁን ይወራል። የአይዛክስ ፔዳል ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ያነሳ ነበር። ባዲ ኤመንስ የሚባል ወጣት ሥራውን ለሁለት ፔዳል ከፈለው፤ አሁን አንዱን ድምፅ ብቻውን ማንሳት ተቻለ። እሱው በ1962 ሁለት ክር ጨመረ፤ ዛሬ ኢ 9 የሚባለው ባለ 10 ክር ቅኝት መልኩን የያዘው ያኔ ነው። የጉልበት መግፊያውም ቢሆን እንዲሁ የመጣ ነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው ዜን ቤክ ራሱ ተጫዋች ነበር። እግሩ ሥራ ሲበዛበት ጉልበቱ ለምን ይቦዝናል ያለ ሰው!

ከሁሉ የሚያስቀኝ የሎይድ ግሪን ነገር ነው። ጊታሩ ሁለት አንገት ነበረው። አንዱን ስለማይጠቀምበት አስወገደና በቦታው ክንዱን የሚያሳርፍበት ትራስ አደረገ። ሾ-ባድ የተባለው አምራች በ1970ዎቹ ያንኑ ቅርጽ «ኤልዲጂ» ብሎ ለገበያ አወጣው። አሁን ሰብሳቢዎች «ኦሪጅናል ኤልዲጂ ነው፣ እንዳትነካው» ይሉላችኋል። የተነካ ጊታር መሆኑ ተረሳ።

ለነገሩ የሙያው ሰዎች ራሳቸው ቃል አበጅተውለታል። የትኛው ፔዳልና የትኛው መግፊያ የትኛውን ክር ምን እንደሚያደርግ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ «ኮፔደንት» ይሉታል፤ ሁለት ተጫዋች ሲገናኝ ቶሎ የሚጠያየቀው እሱን ነው። ጂሚ ዴይ ከኤመንስ ጋር በአንድ ዘመን እየተጫወተ ፔዳሎቹን በግልባጩ ነበር የሚደረድረው፤ ዛሬም ሰው በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይኖራል። በጥቁር አሜሪካውያን ቤተክርስቲያን ውስጥ ቻክ ካምቤል በራሱ ቅኝት አዝማሪ ሊባል በሚችል መልኩ ጊታሩን ሲያናግረው ኖሯል። በናይጄሪያ የንጉሥ ሰኒ አዴ ባንድ ውስጥ ደሞላ አዴፖጁ ይህንኑ መሣሪያ ለጁጁ ሙዚቃ አስገብሮታል። ማን ፈቀደላቸው?

ወደ እኔው ጉዳይ ልመለስ። በኢ 9 ቅኝት ላይ ቁጭ ብዬ ስቆጥር አንድ ነገር አገኘሁ። ክሮቹ ሳይነኩ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ እና ቢ አሉ። የመጀመሪያውን ፔዳል ስትረግጡት ቢ ወደ ሲ ሻርፕ ይወጣል። አምስቱን ደርድሯቸው፤ ትዝታ ሜጀር! ለካንትሪ የተሠራ መሣሪያ ውስጥ ትዝታ ተኝታ ነበር። ወደ ትዝታ ማይነር ለመሻገር ደግሞ ጂ ሻርፕ በግማሽ ቶን መውረድ አለበት፤ ሲ ሻርፕም እንዲሁ። የሁለተኛው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ብቻ መርገጥ። ጂ ሻርፕን ወደ ጂ የሚያወርድ መግፊያ ግን በተለመደው አደረጃጀት የለም። ስለዚህ ሌላ ሥራ ላይ ያሉትን መሻማት ነበረብኝ።

ከቀኝ ጉልበቴ በስተቀኝ ያለው መግፊያ ሁለተኛውንና ዘጠነኛውን ክር የሚያወርድ ነው። ሁለቱም ለትዝታዬ አይፈለጉም። ጊታሩን ገለበጥኩና ሁለቱን ዘንጎች ነቅዬ ሦስተኛውና ስድስተኛው ክር ላይ ሰካኋቸው። የመመለሻ ሞላዎቹን አብሬ አዛወርኩ፤ እነሱ ከላሉ ክሩ ወደ ቦታው በትክክል አይመለስም። ዘንጉ ከሚጎተትበት ቁራጭ ብረት ላይ ብዙ ቀዳዳ አለ። ከማዕከሉ የራቀውን ስትመርጡ ጉልበት ትንሽ ገፍቶ ይበቃዋል፤ ግን ይከብዳል። የቀረበው ይለሰልሳል፤ ግን ጉዞው ይረዝማል። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከቀዳዳ ቀዳዳ ስዞር ዋልኩ። ሦስተኛዋ ክር ቀጭን ስለሆነች ሁለቴ ተበጥሳ አስደንግጣኛለች። በመጨረሻ ጉልበቴን ስገፋ ትዝታ ፊቷን አጠቆረች፤ ስመልሰው ፈካች። ማሲንቆ የሚያደርገውን ያንን መሐል ላይ የመንሸራተት ነገር በጉልበት ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስፈነድቅ ልነግራችሁ አልችልም። ወጪው? ሁለት ክር።

የሻጩን ሰው ሙሉ በሙሉ ስህተተኛ አላደርገውም። ቢግስቢ በእጁ የሠራው ጊታር ቢያጋጥመኝ እኔም ትራፓኖ ይዤ አልጠጋውም። ደግሞ ኃጢአቴን ልናዘዝ፦ የመጀመሪያ ሙከራዬ መግፊያውን ከነማቀፊያው ነቅሎ ወደ ጉልበቴ ማስጠጋት ነበር። ለብሎኑ ቀዳዳ ስበሳ ትራፓኖው ገሠገሠና በጊታሩ ፊት ላይ አንዲት ነጥብ ብቅ አለች። አሁንም አለች፤ በተጫወትኩ ቁጥር ታየኛለች። ለካስ መብሳት አያስፈልግም ነበር። አንድ ቁራጭ አሉሚኒየም መግፊያው ላይ በሁለት ብሎን አስሬ ወደ ታች አስረዘምኩት፤ ወደ ጉልበቴም ጎንበስ አደረግኩት፤ ጉልበቴን እንዳይልጠኝ ስፖንጅ ጠቀለልኩበት። ነገ ጊታሩን የሚገዛ እግረ ረጅም ቢመጣ በካቻቪቴ ሁለት ደቂቃ ነው። የእኔ መስመር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፦ የሚፈታ ከሆነ ማንንም አላስፈቅድም፤ የማይፈታ ከሆነ ሦስት ሌሊት አድርበታለሁ።

«መልመድ ያለብህ አንተ ነህ» የምትለዋ ግን አሁንም ትከነክነኛለች። ሰውዬው እግሬን ልመድ ነው ያለኝ ወይስ ትዝታን ልርሳ?

አሁን አንቺ ሆዬ ላይ ነኝ። ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ እና ሲ ሻርፕ በእጄ፣ ይቅርታ፣ በእግሬና በጉልበቴ አሉ። የጎደለኝ ቢን በግማሽ ቶን የሚያወርደው ነው። እሱ የሚገኘው ጉልበት ወደ ላይ ሲነሳ ከሚገፋው መግፊያ ነው፤ የእኔ ጊታር ደግሞ የለውም። አንድ የበር ማጠፊያና የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ትራፓኖው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።