የሕዋስ ውጥረት ፕሮቲንን መለካት፦ ከየት? መቼ?

የኤሮቢክ እንቅስቃሴ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለው ጥቅም አያከራክርም። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ያለ እንቅስቃሴም ከሁለት ተከታታይ ቀናት በላይ አለመቆየት የተለመደ የሕክምና ምክር ነው። ሊያከራክረን የሚገባው ይህን ጥቅም በሕዋስ ደረጃ የምናብራራበት መንገድ ነው። «ሥልጠናው ኤች.ኤስ.ፒ.70ን ጨመረ» የሚል ድምዳሜ፣ ፕሮቲኑ ከየትና መቼ እንደተለካ ካልተገለጸ ትርጉም የለውም የሚል አቋም አለኝ።

ኤች.ኤስ.ፒ.70 በሕዋስ ውስጥ ሲገኝ ቅርጻቸው የተዛባ ፕሮቲኖች እንዲቃኑ ያግዛል፤ የኢንሱሊንን መልእክት የሚያሰናክለውን ጄ.ኤን.ኬ የተባለ ኢንዛይምም ይገታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የዚህ ፕሮቲን ዘረመላዊ መልእክት በሕሙማኑ የአጽም ጡንቻ ውስጥ ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል። በ2008 ደግሞ ፕሮቲኑ በጡንቻቸው እንዲበዛ የተደረጉ አይጦች፣ ስብ የበዛበት መኖ ከሚያስከትለው የኢንሱሊን ተቋቋሚነት እንደተጠበቁ ተዘግቧል። ይኸው ፕሮቲን ከሕዋስ ወጥቶ በደም ሲዘዋወር ግን የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን በመቀስቀስ ብግነትን ሊያባብስ ይችላል። እንግዲህ በጡንቻ ውስጥ ሲጨምር የሚያስደስተን ፕሮቲን፣ በሴረም ውስጥ ሲጨምር ሊያሳስበን ይገባል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጠቃለል ስሕተት ነው።

የጊዜውም ጉዳይ ከዚህ አያንስም። አንድ ብርቱ ልምምድ ብቻውን የፕሮቲኑን መጠን ይለውጣል፤ በጡንቻ ውስጥ ያለው ለውጥም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም በመጨረሻው ልምምድ ማግስት የተወሰደ ናሙና የ12 ሳምንት ሥልጠናን ውጤት ከትናንቱ ሩጫ ውጤት ለይቶ አያሳይም።

«የጡንቻ ናሙና መውሰድ ለተመራማሪም ለታካሚም ከባድ ነው» የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ ከዚያው ደም ነጭ የደም ሕዋሳትን ሳይዘገዩ በመለየት በውስጣቸው ያለውን ፕሮቲን መለካት፣ ከሴረሙም ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ይህ ጡንቻን አይተካም፤ ቢያንስ ግን ውስጡን ከውጭው ይለያል። ይህም የማይቻል ከሆነ አጥኚው ድምዳሜውን በለካው ልክ ይገድብ፤ አማካሪውም ሆነ ፈታኙ ከዚያ ያለፈውን አይቀበል።

ጉዳዩ የቃላት ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ተሳታፊዎቻችን ለሳምንታት ጠዋት ጠዋት እየተነሡ ይራመዳሉ፤ ክንዳቸውንም ለመርፌ ይሰጣሉ። ይህን የሚያደርጉት ከድካማቸው አንድ የሚታመን ነገር ይገኛል ብለው ነው። ከየትና መቼ እንደተለካ የማይታወቅ ቁጥር ይህን ዕዳ አይከፍልም።