ወጣቱን ከአዳራሽ አውጡት

የወጣቶች ስልጠና ላይ አንድ ቀን እንኳ የተቀመጠ ሰው አዳራሹን ያውቀዋል። የፕላስቲክ ወንበር፣ የተጋረደ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ የዓመቱ መሪ ቃል ያለበት ባነር፣ የታሸገ ውኃ። አሰልጣኙ ስለ ሱስ፣ ስለ ሥራ ፈጠራ፣ ስለ ሕይወት ክህሎት በፕሮጀክተር ያስረዳል። ከሻይ እረፍት በኋላ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። የቀረው ወጣት የሚጠብቀው አበሉን ነው፤ አልፈርድበትም።

በዚህ መሃል «ተረት እንንገራቸው» የሚል ቢነሳ ይሳቅበታል። ተረት የሕፃናት ነው ብለን ደምድመናል። ለዚህ ሳናውቀው አባባ ተስፋዬም አስተዋጽኦ ሳያደርጉ አልቀሩም። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ተረት ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው እሳቸውንና በቴሌቪዥኑ መስኮት ዙሪያቸውን የተቀመጡትን ሕፃናት ነበር። በገጠሩ ግን ተረትና እንቆቅልሽ የሕፃን ብቻ ሆኖ አያውቅም። እሳት ዳር ጎረምሳውም ኮረዳዋም ይቀመጡ ነበር፤ ከነገሩ የሚበዛውም ለእነሱ የተባለ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት የወጣት ማዕከል አስተባባሪ ናት። ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ ዓመት የሚሆኑ ልጆችን ይዛ እንጦጦ ስትወጣ ተከትያት ሄድኩ። አሰልጣኝ አልጋበዘችም። የጋበዘችው በወጣትነታቸው ከዚያ ጋራ ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከሙ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሲያወርዱ የኖሩ አንዲት እናት ነው። ልጆቹ «እማማ» ይሏቸዋል።

እማማ መጀመሪያ ያደረጉት ከአንድ ባሕር ዛፍና ከአንድ ጽድ ቅጠል ቀንጥሰው ማሽተት ነው፤ ከዚያ ለልጆቹ አዞሩት። የባሕር ዛፉን ሁሉም ያውቁታል፤ ጉንፋን ሲይዝ የታጠኑት ነው። ጽዱን ያወቀው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ችግኝ ያልተከለ ወጣት ማግኘት ይከብዳል፤ የተከለውን ዛፍ በስሙ የሚጠራ ማግኘት ግን የባሰ ይከብዳል።

ቀጥሎ አስተባባሪዋ የቦታውን ታሪክ ነገረቻቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እዚህ ዙሪያ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ አለቀ። እንጨት ሲጠፋ አፄ ምኒልክ ከተማውን ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ተነሡ፤ ቤተ መንግሥት ማሠራትም ጀምረው ነበር። ያ ግቢ ዛሬ የአዲስ ዓለም ማርያም ነው። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን በመማሪያ መጽሐፍ ማንበብ ሌላ፣ ግንዱን ተደግፎ ቁልቁል ከተማዋን እያዩ መስማት ሌላ ነው። አንዱ ልጅ «ስለዚህ እኛ በማገዶ እጥረት ቦሌን ሳናይ ልንቀር ነበር» ብሎ ሁሉንም አሳቀ።

ከዚያ እማማ ስለ አንበሳው ፀጉር ተረቱ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የእንጀራ ልጇ አልወድ ያላት ሴት መድኃኒት ፍለጋ አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች፤ እሱም ከሕያው አንበሳ ሦስት ፀጉር ነቅለሽ አምጪ ይላታል። በየቀኑ ሥጋ እያስቀመጠች፣ በየቀኑ ትንሽ እየቀረበች ትነቅለዋለች። አዋቂው ታዲያ አንበሳን ያለመድሽ ልጁንም እንዲሁ አልምጂው ብሎ ይሸኛታል።

እዚህ ላይ አዳራሽ ቢሆን ኖሮ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ልጆቹም መምህሩ የሚፈልገውን «ትዕግሥት» አሳምረው ይመልሱ ነበር። በእኔ እምነት ተረትን የገደለው ይህ ጥያቄ ነው። አስተባባሪዋ ዝም አለች። ጥቂት ቆይታ እስከዚያ ሰዓት ቃል ያልወጣት አንዲት ልጅ «ልጁን ግን ማን ጠየቀው?» አለች። እውነትም በተረቱ ውስጥ ልጁን የሚጠይቀው የለም። ክርክሩ ጦፈ፤ ግማሹ ለእንጀራ እናቲቱ፣ ግማሹ ለልጁ ቆመ። ልጅቷ ስለ ራሷ ቤት እያወራች ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቃትም። መጠየቅም አልነበረበትም። ተረት መጋረጃ ነው፤ ሰው ከኋላው ሆኖ የራሱን ጉዳይ ሊናገር ይችላል። ጫካውም ይረዳል፦ ፊት ለፊት አያፋጥጥም፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል፤ ነገሩ የከበደው ተነሥቶ ጥቂት ራመድ ብሎ ይመለሳል።

ተረት ሁሉ ደግ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ጎረቤትን ቡዳ የሚያሰኝ፣ ሴት ዱላ ይገባታል የሚያሰኝ ተረትም አለን። ተራኪ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ወጣቱም እንዲከራከርበት መፍቀድ ያስፈልጋል። እሱም ራሱ ይተርት እንጂ አድማጭ ብቻ ሆኖ አይቅር። የአዲስ አበባ ልጅ አያት ከወሎ ወይ ከጉራጌ ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ እቤቱ ስለ አንድ ወንዝ ወይ ዛፍ የሚያወራ ሰው አያጣም። ጠይቆ እንዲመጣ ማድረግ ገንዘብ አይፈጅም።

ገንዘብ የሚፈጀው ሌላው ነው። በዚያ ቀን እማማ የተሰጣቸው የታክሲ መሳፈሪያና ምስጋና ነበር። ለተራኪ የሚሆን የበጀት መደብ ስላልተገኘ ነው አሉ፤ ለአሰልጣኝ ግን አለ።

ክረምት በቀረበ ቁጥር የበጎ ፈቃድ ዕቅድ ይጻፋል። የወጣት ማዕከል ኃላፊዎች ሆይ፣ የችግኙን ቁጥር ከመሙላታችሁ በፊት የሰፈራችሁን አንዲት ባልቴት ወይ አንድ አዛውንት ስም ጻፉበት፤ በአሰልጣኝ ሒሳብም አበል ይከፈላቸው።