ሲስተር ያየችው እብጠት

ዛሬ የማጫውታችሁ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ስለምትገኘው ሮቸስተር ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1883 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መታት። ሆስፒታል ስላልነበራት ብዙ ቁስለኞች በዳንስ አዳራሽ ተኝተው ታከሙ፤ መነኮሳትም አስታመሟቸው።

ከዚያ በኋላ የመነኮሳቱ አለቃ ማዘር አልፍሬድ ሞስ ሆስፒታል ሊሠሩ ተነሡ። ሐኪሙ ዊልያም ዎረል ሜዮ ከተማዋ ትንሽ ናት ብለው ቢያመነቱም እሳቸው አልተመለሱም። በ1889 ባለ 27 አልጋው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ተከፈተ። ስመ ጥሩው ሜዮ ክሊኒክ ያደገው ከዚሁ ጋር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚማርኩኝ ግን ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ዴምፕሲ ናቸው። ከ1892 እስከ 1939 ሆስፒታሉን መሩ፤ ለሐኪሙ ልጅ ለዶክተር ዊልያም ሜዮም የቀዶ ሕክምና ረዳት ነበሩ። የታማሚን ሆድ ለኦፕራሲዮን ሲያጥቡ፣ እምብርታቸው ላይ ጠጣር እብጠት ያለባቸው ሰዎች ሆዳቸው ውስጥ የተሰራጨ ካንሰር እንደሚገኝ አስተዋሉ። ተናገሩ፤ ሐኪሙም ሰማቸው። ዛሬ ምልክቱ በስማቸው ይጠራል።

እኔ ግን ጀማሪ ነርስ ሳለሁ የአንዲት እናት ገላ ላይ እብጠት አይቼ፣ «ሐኪሙ ያላየውን እኔ ማን ነኝ?» ብዬ ዝም ያልኩበት ሌሊት አለ። ጠዋት ብናገርም ያ ሌሊት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናም እናንተ ቤት ውስጥ የምታስታምሙ፣ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ያያችሁትን ግን ሳታሳድሩ ለሐኪም ንገሩ። ገላ የሚያጥብ እጅ፣ ሐኪም ያላየውን ሊያገኝ ይችላል።