መቀሱን አስቀምጡት

ኮምቦልቻ፣ አጎቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ባለኮከብ ባንዲራ ተሰቅሏል። ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ የተጻፉ 23 ስሞች አሉበት። አጎቴ የመከላከያ መሐንዲስ ነበር። ከአብዬ የሰላም ማስከበር ሲመለስ ጓዶቹ ፈርመው የሰጡት ማስታወሻ ነው።

የእኔ እድሜ እንግዳ ሲመጣ «አብዬ ምን ሠራችሁ?» አይልም። «ኮከቡስ?» ይላል። ስሞቹን ጠጋ ብሎ ያነበበ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእነሱ ስም አሁንም እዚህ ምን ይሠራል?» ይላል።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥቅምት 2014 ማብቂያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ሸሸን። ኅዳር ማብቂያ ላይ ከተሞቹ ተለቀው ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ባንዲራው የተረፈው አክስቴ ጣሪያ ስር ስለደበቀችው ነው። ንድድ ብሎኝ «ጋሼ፣ እነዚህን ስሞች በመቀስ እናውጣቸው» አልኩ።

«አብሽር፣ መቀሱን አምጣ» አለኝ። «በፊት ግን ከነዚህ ውስጥ ቤቴን የዘረፈውን አሳየኝ።»

ማሳየት አልቻልኩም። እናንተም አትችሉም።

የጸጥታው ምክር ቤት የአብዬን ኃይል ያቋቋመው ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ሠራዊቱ ከሞላ ጎደል የኢትዮጵያ ነበር። ክረምት ሲገባ ዋልካው መኪና ይውጣል፤ መሬቱ ፈንጂ አለበት። ሐምሌ 26 ማቦክ ላይ ፈንጂ አራት ኢትዮጵያውያንን ገደለ። ሦስቱ የሞቱት ቆስለው ሄሊኮፕተር ሲጠብቁ ነው፤ ካርቱም የበረራ ፈቃድ አዘግይታ ነበር። እዚያ ጭቃ ላይ ጓደኛህን ተሸክመህ «የየት አገር ልጅ ነህ?» አትለውም።

«የኃይሉ የመጀመሪያ አዛዥ ታደሰ ወረደ አይደሉም እንዴ? በጦርነቱ የትግራይን ኃይል የመሩት!» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ እሳቸው ናቸው። የሚያመውም ይሄው ነው፤ አብረው የዘመቱ ሰዎች ኋላ ተታኮሱ። ወሎ ላይ የገደለና የዘረፈ በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ፤ ከዚህ አንዲት ጋት አልመለስም። ግን ፍትሕ የሚፈልግ ሰው ስም ይመዘግባል እንጂ ስም አይቆርጥም። ሁሉንም «እነሱ» ካልን ወንጀለኛው መሐላቸው ይደበቃል።

«ለዶላር ነው የዘመቱት» የሚል ወሬም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የወታደሩን ሂሳብ የሚከፍለው ለመንግሥት ነው። አጎቴ ያመጣው የወገብ ሕመምና ይሄን ጨርቅ ነው።

ኮሪያውያን ለቃኘው ሻለቃ ቹንቾን ከተማ ላይ መታሰቢያ ሠርተዋል። የአብዬን ዘማች እኛስ የት አኖርነው? የደሴ ሙዚየም በዚያው ጦርነት ተዘርፏል። ባዶ መደርደሪያውን ስንሞላ፣ አጎቴ ከፈቀደ፣ ይሄ ባንዲራ እዚያ ይግባ። ከነኮከቡ፣ ከ23ቱም ስም ጋር።

ስልክ ለትግራይ ሲከፈት ከስሞቹ አንዱ መቀሌ ሆኖ ደወለ። «ልጆችህ ተረፉ?» አለው። አጎቴም መልሶ ስለ እሱ ልጆች ጠየቀ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ መቀሱን ያመጣሁት ሰውዬ።