ለቤታችን ኮምፒዩተር ከሁለቱ ግራፊክስ ካርዶች የትኛው ይገባዋል

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት ወጪ አዘውትረን እንጽፋለን። የዛሬው ነገር ሁለቱንም የሚነካ ነው። ልጃቸው የሕንፃ ንድፍ ወይም የተንቀሳቃሽ ሥዕል ሥራ መማር የጀመረ፣ ወይም ከጥናቱ በኋላ በኮምፒዩተር መጫወት የሚወድ ወላጆች፣ አንድ ቀን «ግራፊክስ ካርድ ይገዛልኝ» የሚል ልመና ይደርሳቸዋል። ዋጋውም የቀላል ዕቃ ዋጋ አይደለም። ብዙ ሰው ግን ሱቅ ገብቶ በሣጥኑ ላይ የታተመውን ቁጥር ይመለከትና ቁጥሩ የበለጠውን ይዞ ይወጣል። ይህ አመራረጥ የት ላይ እንደሚያሳስት ለማስረዳት፣ ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣቸውን ሁለት ካርዶች አስተያይተን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ጂፎርስ አር ቲ ኤክስ 3060፣ ሁለተኛው ጂፎርስ አር ቲ ኤክስ 3060 ቲ አይ ይባላል። ቲ አይ የተባለው ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በ399 ዶላር፣ ሌላው የካቲት 18 ቀን 2013 ዓ.ም. በ329 ዶላር ለገበያ ወጡ። ይህም ኩባንያው የቈረጠው ዋጋ ነው እንጂ፣ በዚያ ዓመት ዕቃው ከገበያ ጠፍቶ ስለ ነበረ ብዙ ሰው የገዛው ከዚህ እጅግ አብልጦ ከፍሎ ነው። ዛሬ ሁለቱም አዲስ አይደሉም። ነገር ግን ባገለገለ ዕቃ ገበያ የሚገኙ ስለ ሆኑ፣ አስተያየታቸውም ሌላውን ካርድ ሁሉ ለመመርመር ስለሚያገለግል መረጥናቸው።

ግራፊክስ ካርድ ሥራው በመስታወቱ ላይ የሚታየውን ሥዕል ነጥብ በነጥብ መሥራት ነው። 1920 በ1080 የሆነ መስታወት ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ነጥብ አለው። ሥዕሉ ሳይንቀጠቀጥ እንዲታይ በያንዳንዱ ሰከንድ 60 ጊዜ መታደስ ስላለበት፣ ካርዱ በሰከንድ ከ124 ሚሊዮን የሚበልጥ ነጥብ ቀለሙን ወስኖ ማቅረብ አለበት። ይህን የሚሠሩት በውስጡ ያሉት ኮር የተባሉት ጥቃቅን የስሌት ክፍሎች ሲሆኑ፣ 3060 3584 ኮር፣ ቲ አይ ግን 4864 ኮር አላቸው። እንግዲህ በሠራተኛ ቁጥር ቲ አይ ከሢሶ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። በፍጥነት ልኬት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ 3060 እስከ 1777 ሜጋኸርዝ ሲደርስ ቲ አይ 1665 ላይ ይቆማል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ታናሹ ይፈጥናል ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ዳሩ ግን ጥቂት ፈጣን አጫጆች ብዙዎቹን አጫጆች እንደማይቀድሙ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ ገዢን የሚያሳስተው ሜሞሪ የተባለው ነው። በርካሹ በ3060 ላይ 12 ጊጋባይት፣ በውዱ በቲ አይ ላይ 8 ጊጋባይት ተጽፎ ይገኛል። ርካሹ የበለጠ፣ ውዱ ያነሰ መሆኑ ለሰው ግራ ቢሆን አያስደንቅም። ሜሞሪውን እንደ ጎተራ እናስበው። ጊጋባይት የጎተራው ስፋት ነው። እህሉ በምን ፍጥነት እንደሚወጣና እንደሚገባ የሚወስነው ግን በሩ ነው። የ3060 ጎተራ ሰፊ ሆኖ በሩ 192 ቢት ነው፤ በሰከንድም 360 ጊጋባይት ያሳልፋል። የቲ አይ ጎተራ ጠባብ ሆኖ በሩ 256 ቢት ስለ ሆነ 448 ጊጋባይት ያሳልፋል። ስለዚህ ጎተራው ሳይሞላ የሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ቲ አይ ይቀድማል። በአብዛኞቹ ጨዋታዎችም ብልጫው ሩብ ያህል ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የዋጋው ልዩነት በመቶ 21 ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ለጨዋታ ለሚገዛ ሰው ተጨማሪዋ 70 ዶላር በከንቱ አልወጣችም።

ጎተራው የሞላ እንደ ሆነ ግን ፍርዱ ይለወጣል። የተረፈው ነገር ወደ ኮምፒዩተሩ ዋና ሜሞሪ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚመለስበት መንገድ በሰከንድ 32 ጊጋባይት ገደማ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ይህም ከቲ አይ በር 14 ጊዜ ያነሰ ነው። በዚያን ጊዜ ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ የኮሮቹ ብዛትም አያድነውም። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ላስት ኦፍ አስ ፓርት ዋን የተባለው ጨዋታ ለኮምፒዩተር በወጣ ጊዜ፣ 8 ጊጋባይት ያላቸው ካርዶች በከፍተኛው የሥዕል ጥራት እጅግ ተቸግረው ነበር። ሠሪዎቹ ኋላ ቢያሻሽሉትም፣ ጎተራ ሲጠብ ምን እንደሚደርስ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አይቷል።

ልጁ በብሌንደር ትልልቅ ሥዕሎችን የሚሠራ፣ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ መማር የሚፈልግ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት 12 ጊጋባይቱን እንመርጥለታለን። ለምሳሌ 13 ቢሊዮን ቁጥሮች ያሉት የቋንቋ ሞዴል ወደ 4 ቢት ቢጨመቅ እንኳ ለራሱ ብቻ 6 ጊጋባይት ተኩል ይፈልጋል፤ ውይይቱና መስታወቱ የሚይዙት ሲጨመርበት 8 ጊጋባይት ጭንቅ ይሆንበታል። በ3060 ላይ ግን ቦታ ይተርፈዋል። ሥራ ዘግይቶ ቢጠናቀቅ ይታገሡታል፤ ጭራሽ የማይገባውን ግን በትዕግሥት ማስገባት አይቻልም።

አንድ ነገር ሳናሳስብ አናልፍም። ኩባንያው በ2015 ዓ.ም. ያንኑ 3060 የሚለውን ስም የያዘ ሌላ ካርድ አወጣ። ኮሩ እንደ ፊተኛው 3584 ነው፤ ሜሞሪው ግን 8 ጊጋባይት፣ በሩም 128 ቢት ሆኖ በሰከንድ የሚያሳልፈው 240 ጊጋባይት ነው። ጎተራውም በሩም በሢሶ ቀነሱ፤ ስሙ ግን አልተነካም። እንዲህ ያለው ስያሜ ለገዢ የሚያስብ ሥራ ነው ለማለት አንደፍርም። ስለዚህ ዕቃውን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚያስመጣ ሰው መልሶ ለመለወጥ ስለሚቸግረው፣ «3060» ብሎ ብቻ አይላክ፤ «12 ጊጋባይት፣ 192 ቢት» ብሎ ጨምሮ ይጻፍ።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛም የኋላ ታሪኩን ይጠይቅ። ኢተሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረቱን እስካቆመበት እስከ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ ብዙ ካርዶች ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ሲሠሩ ኖረዋል። በተለይ መጀመሪያ የወጡት የቲ አይ ካርዶች ለዚያ ሥራ ገደብ ስላልነበረባቸው እጅግ ይፈለጉ ነበር። ማራገቢያው ሲዞር ድምፅ የሚያሰማውንና፣ ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ ኮምፒዩተሩን የሚያጠፋውን ካርድ ርካሽ ነው ብሎ መውሰድ አይገባም። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የጠፋው ፓወር ሰፕላዩ አንሶበት ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ እርሱን መመርመር ያስፈልጋል። 3060 ራሱ 170 ዋት፣ ቲ አይ 200 ዋት ይወስዳሉ፤ ኩባንያውም ለመላው ኮምፒዩተር የሚመክረው ለፊተኛው የ550 ዋት፣ ለኋለኛው የ600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው።